የሩቁን ባርነት ማልቀስ፥ የቅርቡን መሸሸግ

ከሐኪም ፊት የቆመ በሽተኛ የጎረቤቱን ቍስል እየዘረዘረ የራሱን በነጠላው ቢሸፍን፥ ሐኪሙ ሊያድነው አይችልም። ወደ ንስሐ አባቱ የመጣ ሰውም የሌላውን ኃጢአት እያወራ ቢያለቅስ፥ ዕንባው ስለ ራሱ ኃጢአት እንደ ፈሰሰ አይቈጠርለትም። ይህ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትምህርት ነው። ነገር ግን ሰው ስለ ነፍሱ የሚያውቀውን ይህን ትምህርት፥ የአገር ታሪክ በተነሣ ጊዜ ሲዘነጋው ይታያል።

ክርክሩ የተነሣው ከተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር የተወለዱትና በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ኃይሌ ገሪማ፥ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» የሚባለውን ፊልም ለዓለም አሳዩ። ስሙ በጋና ከሚነገረው ከአካን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፥ ወደ ኋላ ተመልሶ የተረሳውን ማንሣት ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ ሞና የምትባል፥ አዲስ ልብስ እየለበሰች ፎቶግራፍ የምትነሣ ጥቍር ሴት አለች። ባሮች ወደ መርከብ ይጫኑበት በነበረው በጋና የባሕር ዳር ምሽግ ውስጥ የቀደሙትን ሰዎች መከራ ሳታስብ ስትዘባነን፥ በድንገት ወደዚያ ዘመን ተመልሳ፥ በጋለ ብረት ተተኵሳ፥ ስሟም ሾላ ተብሎ፥ በአገዳ እርሻ ላይ ባሪያ ትሆናለች። የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች ሥራውን ሊቀበሉት ስላልፈቀዱ፥ ሠሪው ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ዞሩ፤ ጥቍር ሕዝብም እየተሰለፈ አየው። እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በእጅ ስልክ ሳይቀር የሚታይ ሆነ።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፥ ገበዝ ማርያምም በምዕራብ ጎጃም ካለው ገጠር ጋራ፥ ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ፊልም ያየ የተማረ ሰው ያለቅሳል፤ ባሪያ ነጋዴውን ይረግማል፤ የጎንደር ልጅ ይህን በመሥራቱም ይኮራል። ይህ ሁሉ የተገባ ነው። ነገር ግን ከተቀመጡት መካከል አንድ ወጣት ተነሥቶ፥ «ስለ ባሶ ገበያስ ፊልም የሚሠራ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ዕንባው ይደርቃል፤ ፊቱም ይጠቍራል። ከዚያም ሦስት ዓይነት መልስ ይሰማል። ፊተኛው፥ የኢትዮጵያ ባርነት ቤተሰብነት እንጂ ባርነት አይባልም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ይህን ማንሣት የጠላት ሥራ ነው የሚል ነው። ሦስተኛው፥ መጽሐፍ ራሱ ፈቅዶታል የሚል ነው። ሦስቱንም በየተራ መመርመር ይገባል።

ስለ ፊተኛው መልስ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ቃላቸው በሙሉ ሐሰት አይደለም። በኢትዮጵያ የአገዳና የጥጥ ሰፊ እርሻ አልነበረም። ባሪያው በጌታው ቤት ይበላል፤ ክርስትና ይነሣል፤ የጌታውን ልጆች ያዝላል፤ አንዳንዱም በቤተ መንግሥት እስከ መሾም ይደርስ ነበር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ የተደረገው ንግድ ግን ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ሰው በመርከብ የጫነ፥ ከዚያም ውስጥ 2 ሚሊዮን የሚጠጋውን በባሕር ላይ የጨረሰ መሆኑን ሊቃውንት መርምረው ጽፈዋል። የዚያም ሥርዓት የሰውን መልክ ምልክት አድርጎ፥ ለልጅ ልጅ የማይፈታ ማሰሪያ የሠራ ነበረ። ሁለቱን አንድ ነው ማለት ታሪክን አለማወቅ ነው።

ነገር ግን ልዩነት መኖሩ ኃጢአት አለመኖሩን አያስረዳም። ባሪያው በቤት ውስጥ እንዳደገ የሚያወሩ ሰዎች፥ ወደዚያ ቤት እንዴት እንደ ገባ አይናገሩም። የገባበት መንገድ ግን የታወቀ ነው። ከእናርያና ከከፋ ወገን የተያዙት ልጆች በጉድሩ በኩል መጥተው፥ ዓባይን ተሻግረው፥ በጎጃም በይጁቤ አጠገብ ወደ ነበረው ወደ ባሶ ገበያ ይደርሱ ነበር። ከዚያም በጎንደር በኩል ወደ መተማ፥ ወይም ወደ ምጽዋ ይነዱ ነበር። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊና ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ዓመታት በጎጃም ተመላልሰው ስለዚህ ንግድ ጽፈዋል። በዚያ ገበያ ሰው ከዝሆን ጥርስ፥ ከወርቅ፥ ከዝባድና ከቡና ጋራ ቀርቦ ይሸጥ ነበር። ከወላጆቹ ተነጥቆ፥ በእግሩ ዓባይን ተሻግሮ፥ ጥርሱን ገልጠው እንደ በቅሎ ካዩት በኋላ የተሸጠን ልጅ፥ ገዝቶ ያበላው ሰው አባቱ ሊባል ይችላልን? አባት ልጁን አይገዛም፤ ብር በቸገረውም ጊዜ አይሸጥም።

ከምዕራብ በኩል ደግሞ ከቡሬና ከአገው ምድር ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ነበረ። በዚያ ቆላ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ከደጋ በሚወርዱ ፈንጋዮች ብዙ ዘመን ተዘርፏል። እንዲያውም የራሱ ስም ተዘንግቶ፥ ባሪያ ከማለት በማይለይ የስድብ ስም ይጠራ ነበር። የታሪክ ሊቅ አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፥ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1938 በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ምድር የነበረውን የባሪያ ንግድ መርምረዋል። የጥናቱ ዓመታት የሚያልቁበትን ቍጥር ማስተዋል ይገባል። ይህ የአክሱም ዘመን ነገር አይደለም፤ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች አባቶቻቸው ያዩት ነገር ነው።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ራሱ ቋንቋው ነው። «ጨዋ» የሚለው ቃል ዛሬ ትሑት፥ ደግ፥ ነውር የሌለበት ሰው ማለት ነው። የጥንት ፍቺው ግን ባሪያ ያልሆነ፥ ነጻ የተወለደ ማለት ነበረ። እንግዲህ ደግነትና ትሕትና የነጻ ልጅ ብቻ ሀብት ተደርጎ በቃሉ ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው። ቅኔ የቈጠረ ሰው ሰሙን አይቶ ወርቁን ሳይመረምር አያልፍም። ሕፃኑን «ጨዋ ሁን» ብሎ የሚመክር እናት በልቧ ክፋት የለባትም፤ ነገር ግን ሰሙ ምክር ሲሆን፥ በወርቁ ውስጥ የአንድ ሕዝብ ስድብ ተቀብሮ ይኖራል። «ቤተሰብ ነበሩ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። ሰሙ ቤተሰብነት ነው፤ ወርቁ ግን በሠርግ ጊዜ ለሙሽራይቱ ከከብትና ከዕቃ ጋራ ተቈጥሮ የሚሰጥ ሰው ነው። ውኃ የሚቀዳ፥ እህል የሚፈጭ፥ እንጨት የሚሰብር፥ ሲሞት ግን የዘር ሐረጉን የሚቈጥርለት የሌለ ሰው ነው።

ይህ «ቤተሰብ ነበሩ» የሚለው ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የአሜሪካም ጌቶች ይሉት ነበር። ሲኒማም አግዟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1915 የግሪፊዝ ፊልም ባሪያ ፈቶቹን ጥቍሮች አውሬ፥ ገዳዮቻቸውን ጀግና አድርጎ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ «በነፋስ የሄደ» በሚባለው ፊልም፥ እመቤቷን እንደ ልጇ የምትወድ፥ ነጻነትን የማትመኝ ባሪያ ሞግዚት ታየች። ተመልካቹም ባርነት እንደዚህ ከሆነ ምን ክፋት አለው አለ። ያችን ሞግዚት ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ታላቁን ሽልማት ስትቀበል፥ ጥቍር ስለ ሆነች ከጓደኞቿ ተለይታ በዳር ባለ ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር። እንግዲህ በጎጃም ተቀምጦ «የአያቴ ባሪያ እኮ አያቴን ይወድ ነበር» የሚል ሰው፥ በሳንኮፋ ያለቀሰለትን ነገር ረስቶ የዚያን የ1939ኙን ፊልም ቃል ይናገራል። ባሪያው ይወድ እንደ ነበር የነገረው ማን ነው? ባሪያው ነው ወይስ ጌታው?

ባሪያው ራሱ የተናገረውን መስማት የሚፈልግ ሰው ግን የሚያገኘው አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ወደ ዓረብ አገር ይወሰዱ የነበሩ የኦሮሞ ልጆችን ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ አስጣለ። ከእነርሱም 64ቱ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ወደሚባለው ትምህርት ቤት ተላኩ። እያንዳንዱ ልጅ ከየት እንደ ተያዘ፥ ማን እንደ ሸጠው፥ በየት በየት እንዳለፈ የተናገረው ተጽፎ ተቀምጧል፤ ሳንድራ ሼል የሚባሉ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አውጥተውታል። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በደቡብ አፍሪካ ስለ ጥቍር ሕዝብ ነጻነት ተሟግቶ፥ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት ታሰረ። ከኢትዮጵያ በባርነት የወጣች ሕፃን የልጅ ልጅ ከማንዴላ ጋራ በአንድ ደሴት መታሰሩ፥ እስከ ዛሬ በአገሯ ከጥቂት ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ለዚህ የሚሆን ሲኒማ ጠፍቶ ነውን?

እንደዚሁም ኦነሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጠ በኋላ በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ አድጎም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። በሃይማኖት ነገር ከኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት ጋራ አለመስማማቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያ ሕፃን በገበያ የቆመበት ቀን የሃይማኖት ልዩነት ቀን አልነበረም።

ስለ ሁለተኛው መልስ። ይህን ማንሣት የጠላት ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ምስክር ጣልያን ነው። በእውነትም እ.ኤ.አ. በ1935 የጣልያን መንግሥት በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ኢትዮጵያን ስለ ባርነት ከሰሰ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በዚያው ምክንያት እያሳበበ በመርዝ ጋዝ መጣ። ባሪያ ነጻ አወጣለሁ ብሎ አገርን በሙሉ ባሪያ ሊያደርግ የመጣ ወራሪ ነበረ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ዲያብሎስ በገዳም መጽሐፍ ቢጠቅስ መጽሐፉ ሐሰት አይሆንም። ጠላት እውነትን መሣሪያ ሲያደርግ መሣሪያውን ከእጁ ማስጣል የሚቻለው ባለቤቱ እውነቱን አስቀድሞ ሲናገር ነው፤ ሲክድ አይደለም።

ከዚህም በላይ፥ ነገሩን የጠላት ሥራ ነው የሚል ሰው የራሱን አባቶች ክብር ይቀንሳል። ለምን ቢሉ፥ ባርነትን ያስቀረው ጣልያን ብቻ ነው እንደ ማለት ይሆንበታልና። አጼ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለው ነበር። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ሕጉ ተሻሻለ። በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም ቆላ ገብተው፥ በበላያና በቡሬ አልፈው፥ ወደ ደብረ ማርቆስ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በሚከተለው ዓመት ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የባርነትን ሕጋዊ ሥርዓት ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ ታወጀ። የቡሬ ሰው ንጉሡ በዚያ ማለፋቸውን በኩራት ይናገራል፤ ያለፉበት መንገድ ቀድሞ የማን እግር የደማበት እንደ ነበረ ግን አይናገርም። አዋጁን የሚያከብር ሰው፥ አዋጁ ስለ ምን እንዳስፈለገ ሲጠየቅ አፉን መያዝ የለበትም። በሌለ ነገር ላይ አዋጅ አይነገርምና።

ስለ ሦስተኛው መልስ። ይህ ለካህናት ከሁሉ የከበደ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በመጽሐፍ የተፈቀደ ነው የሚሉ ሰዎች የኖኅን እርግማን ይጠቅሳሉ። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 የተረገመው ከነዓን ነው፤ ካም ራሱም አይደለም። የካም ልጆች ኩሽ፥ ምጽራይም፥ ፉጥና ከነዓን ናቸው። የጥቍር ሕዝብ ባርነት ከኖኅ እርግማን ነው የሚል ኢትዮጵያዊ፥ ኩሽን ከከነዓን ጋራ አደባልቆ የራሱን አገር ስም ይረግማል። ይህን ትርጓሜ የፈለሰፉት ሰው መሸጥ የፈለጉ ሰዎች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሰው ተቀብሎ የቆላውን ወንድሙን ሊረግምበት አይገባውም ነበር።

ፍትሐ ነገሥትም በ31ኛው አንቀጽ ስለ ባሮች ሲናገር፥ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆኑን አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ባርነት የመጣው ከጦርነትና ከጉልበት መሆኑን ይገልጣል፤ ነጻ ማውጣትንም ያመሰግናል። እውነት ነው፤ ባሪያ መያዝን ፈጽሞ አልከለከለም። እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ማመን የሚገባቸው ነገር አለ። የሕጉን መነሻ ትተው ፈቃዱን ብቻ የያዙ ብዙዎች ነበሩ፤ ከካህናትም ወገን ባሪያ የነበራቸው ነበሩ። ክርስቲያን ሰው መነገድ አይገባውም ተብሎ ንግዱ በብዙው ለእስላም ነጋዴዎች ሲተው፥ ገዢው ክርስቲያን ጌታ እጁ ንጹሕ የሆነ መሰለው። ነገር ግን ገዢ ባይኖር ነጋዴ ከየት ይመጣል? ጲላጦስም እጁን ታጥቧል።

ከአባቶችም ነገሩን አጥርቶ የተናገረ ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም፥ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው ሊገዛ የሚበቃ ዋጋ ከወዴት ይገኛል ብሎ ባሪያ ገዢዎችን ወቅሷል። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሰው ሰራቂዎችን ከነፍሰ ገዳዮችና ከሐሰት መስካሪዎች ጋራ ቈጥሯቸዋል፤ ስለ ኦነሲሞስ ወደ ፊልሞና ሲጽፍም ከባሪያ አብልጦ እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለምኗል። ያ ባሪያ የነበረው ኦነሲሞስ ዛሬ በስንክሳር ስሙ ከቅዱሳን ጋራ ይነበባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራሷ መጀመሪያ ነው። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ በልጅነታቸው ከሜሮፕዮስ ጋራ በመርከብ ሲሄዱ፥ በቀይ ባሕር ዳር አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ተገድለው፥ ሁለቱ ልጆች ተማርከው ለአክሱም ንጉሥ ቀረቡ። በንጉሡ ቤት አገለገሉ፤ ንጉሡም ሊሞት ሲል ነጻ አወጣቸው። ያ ምርኮኛ ልጅ ነው ከእስክንድርያ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ የተመለሰው፤ ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የሚባለውም እርሱ ነው። ብርሃኑን በምርኮኛ እጅ የተቀበለች አገር፥ ምርኮኛን ከሰው በታች ልታይ እንዴት ተቻላት? አባ ሰላማን እያመሰገነ ባሪያን የሚሰድብ ሰው፥ ከሁለቱ አንዱን አልተረዳም።

በዚህ ቦታ ስለ ሳንኮፋ አንድ ነገር ሊነገር ይገባል። በፊልሙ ጆ የሚባል፥ ባሪያ እናቱ በግፍ የፀነሰችው ልጅ አለ። ካህኑ አባ ራፋኤል እናቱን እንደ አረማዊት እንዲንቅ ያስተምረዋል፤ እርሱም በቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበርክኮ ይውላል፤ በመጨረሻ የወለደችውን እናቱን እስከ መግደል ይደርሳል። ይህን አይቶ የእመቤታችንን ክብር የሚነካ ነው ብሎ የሚቈጣ ምእመን ይኖራል። ቍጣው ግን ወደ ፊልሙ ሳይሆን ወደዚያ ካህን መሄድ አለበት። ወደ ግብፅ የተሰደደችው፥ ልጇን ታቅፋ ከአገር አገር የተንከራተተችው ድንግል፥ ልጇን የተቀማች እናት ጠላት ልትሆን አትችልም። ሥዕሏን በእናትና በልጅ መካከል ግድግዳ አድርጎ ያቆመው ሰው ነው። በማርያም ስም የሚጠራ አገር ሰው ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ሊያስተውለው ይገባዋል።

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ ለሚሸሽጉት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የሚከምሩ አሉ። እነዚህ የባርነትን ታሪክ የሚያነሡት ሊፈውሱበት ሳይሆን ሊያቃጥሉበት ነው። በደሉን ሁሉ ለአንድ ሕዝብ አሸክመው፥ ዛሬ የተወለደውን ሕፃን ባለዕዳ ያደርጉታል። የንግዱ እጅ ግን የአንድ ወገን አልነበረም። የደጋው መኰንን፥ የጉድሩና የእናርያ ባላባት፥ የአገው ሹም፥ የቤላ ሻንጉል ሼኽ፥ የጎንደርና የምጽዋ ነጋዴ ሁሉ ተካፍሎበታል። በጎጃምም ቢሆን ብዙው ገበሬ ባሪያ ያልነበረው፥ ራሱም ለጌታ ግብር የሚገብር ድኻ ነበረ።

ይህ የሚከምሩ ሰዎች ሥራ ምን እንደሚወልድ በቅርብ ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. በጃዊ የጉሙዝ ተወላጆች በግፍ ተገደሉ። በ2013 ዓ.ም. በታኅሣሥ ደግሞ በመተከል በቡለን ወረዳ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰላማውያን ሰዎች ታረዱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ተሰደው በቻግኒ አጠገብ በድንኳን ተጠለሉ። የአያት በደል የልጅን አንገት ለመቍረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንዳይሸከም ተናግሯል። ነገር ግን የሚሸሽጉትና የሚከምሩት ተቃራኒ ቢመስሉም እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ናቸው። የደጋው ሰው «አልነበረም» ሲል፥ የቆላው ሰው በአያቱ አፍ የሰማውን ይዞ ብቻውን ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚያቀጣጥል ሰው መጥቶ ብቻውን የቀረውን ያገኘዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው ስለዚህ ነው። እውነቱ በሁለቱም ወገን በአደባባይ የተነገረ ቢሆን ግን፥ ለክፉ ሰው የሚቀርለት ነዳጅ ባነሰ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፥ ፊልሙ ይሠራ ነው። ኃይሌ ገሪማ የአሜሪካን ባርነት ለመናገር እስከ ጋና ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በሚባለው ሥራቸውም የኢትዮጵያን ባላባትና ገባር ሳይፈሩ አሳይተዋል። የሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ ከጉድሩ እስከ ባሶ፥ ከባሶ እስከ መተማ ያለውን መንገድ ይሂድበት። ነገር ግን ጅራፍና ደም ብቻ እያሳየ ተመልካቹን የሚያስደነግጥ ሥራ አይበቃም። የተያዘው ልጅ በራሱ ቋንቋ፥ በጉሙዝኛ ወይም በኦሮምኛ ይናገር፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ይሰማ፤ ጌታውም ጭራቅ ተደርጎ አይሣል። ጭራቅ ከሆነ ተመልካቹ «እኔን አይመስልም» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳልና። ጌታው የሚጾም፥ የሚያስቀድስ፥ ለድኻ የሚመጸውት፥ እንግዳ የሚቀበል ሰው ሆኖ ይታይ። እርሱ እንደዚያ ሆኖ ሳለ ሰው መግዛቱ ነው የሚያስፈራው።

ለዚህም ሥራ ካህናት የሚያዋጡት አላቸው። በየአድባራቱ በወንጌል ኅዳግ የተጻፉ የርስትና የኑዛዜ ቃሎች አሉ፤ በእነርሱም መካከል ባሪያ ስለ ማውረስ ወይም ነጻ ስለ ማውጣት የተጻፈ ከተገኘ፥ አሳፋሪ ነው ተብሎ ከሊቃውንት ሊሸሸግ አይገባም። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ንዋይ ቈጥሮ የሚረከብ፥ ቈጥሮም የሚያስረክብ ሹም ነው። የጎደለውን ጎድሏል ብሎ ካልተናገረ ገበዝነቱ ስም ብቻ ይሆናል። ታሪክም እንደዚሁ ገበዝ ይፈልጋል፤ ወርቁን መስቀል ብቻ እያወጣ አሳይቶ የተሰበረውን ጽዋ በሣጥን የሚቈልፍ ገበዝ ግን አይጠቅመውም።

ከፊልሙም በፊት ሊሠራ የሚቻል፥ ገንዘብም የማይጠይቅ ሥራ አለ። እስከ ዛሬ በገጠርም በከተማም «ዘሩ ምንድር ነው?» ተብሎ፥ አያቱ ባሪያ ነበረ በሚል ሹክሹክታ ጋብቻ የሚፈርስበት ቤት አለ። ሰው ሲጣላ ከአፉ ፊተኛ የሚወጣው ስድብ «ባሪያ» የሚል ነው። ዘር ቈጥሮ ጋብቻ የሚያፈርሰውን፥ ወንድሙን ባሪያ ብሎ የሚሰድበውን የነፍስ ልጅ፥ የንስሐ አባቱ እንደ ቀላል ነገር ሊያሳልፈው አይገባም፤ ጾም ከገደፈው ይልቅ አጥብቆ ሊጠይቀው ይገባል። የተማረውም የከተማ ሰው በሳንኮፋ ያፈሰሰውን ዕንባ ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ የልጁን ጋብቻ በዘር ምክንያት ከልክሎ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።

በምሥጢረ ንስሐ የሚያምን ሕዝብ እውነትን ሊፈራ አይገባውም፤ ኃጢአቱን የሚናገር ሰው እንዲሰረይለት ተስፋ አለውና። በባሶ ገበያ ስማቸው ተቀምቶ በዋጋ ለተጠሩት ሁሉ እግዚአብሔር ዕረፍት ይስጣቸው፤ ለልጆቻቸውና ለገዢዎቻቸው ልጆችም በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጥ ልብ ይስጣቸው። አሜን።